ጡረታ ለተቃረባችሁ መምህራን፤ ከአንዲት የደምበጫ እትዬ

መስከረም 2012 ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የመጣ የመጀመሪያው መስከረም ነበር። ትምህርት በተከፈተበት ሰኞ እንደ ልማዴ በ12 ሰዓት ተነሣሁ። ታጠብኩ። ነጠላዬን ደረብኩ። ጫማዬን አጠለቅኩ። ቦርሳዬን ለማንሳት ዞር ስል ነው የነቃሁት። ቦርሳው የለም። ሰኔ ላይ እኔን ለተካችው ልጅ ከነጠመኔው፣ ከነስም መጥሪያው ሰጥቻታለሁ።

ቤታችን ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ደወሉ ይሰማል። ደወል የምንለው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው። በብረት ሲመቱት ድምፁ እስከ ገበያው ይደርሳል። እሱ ሲመታ ለ32 ዓመት ልጅ ሳሰልፍ ኖሬያለሁ። ያን ቀን በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ከሲንጀሩ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አልተናገረም። የስፌት መኪናውን አቁሞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከተጋባን ጀምሮ ሰኞ ጠዋት አብረን ቁጭ ብለን አናውቅም ነበር።

ይህን የምጽፈው ጡረታ ለተቃረባችሁ መምህራን ነው። በተለይ እንደኔ በትንሽ ከተማ ለኖራችሁ፣ መንገድ ላይ የምታገኙት ሰው ሁሉ ወይ ያስተማራችሁት፣ ወይ ልጁን ፊደል ያስቆጠራችሁለት ለሆነባችሁ። ከወጣሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። አንዳንዱን ነገር ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ድካም ይቀርልኝ ነበር።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣሁ ላውጋችሁ። ትውልዴም ኑሮዬም ጎጃም ነው። ማስተማር የጀመርኩት ገና ሳልቀጠር ነው። ሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር 12ኛን የጨረስን ልጆች ወደ ገጠር ሄድን። ቀን እርሻ ላይ የዋለ ሰው ማታ በኩራዝ ይማራል። የልጅ ልጅ ያዩ አንዲት እናት ነበሩ። እርሳስ ሲይዙ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። ስማቸውን ራሳቸው የጻፉ ዕለት ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። ያ ዘመቻ በኋላ የዩኔስኮ ሽልማት ማግኘቱን ስሰማ እኔ ያሰብኩት ያቺን መቀነት ነው። መምህር እሆናለሁ ያልኩትም እሳቸው ስማቸውን የጻፉ ማታ ነው።

በ1972 መምህራን ማሰልጠኛ ገባሁ። እኛ ቲቲአይ ነው የምንለው። የአንድ ዓመት ሥልጠና ነበር። መስከረም 1973 ተቀጠርኩ። ስድስት ዓመት ገጠር አስተማርኩ፤ ከዚያ ደምበጫ ገባሁ፤ ደምበጫም ቀረሁ። በኋላ ክረምት ክረምት እየተማርኩ ዲፕሎማ ይዣለሁ። ከፍ ወዳለ ክፍል ሂጂ ሲሉኝ ግን እምቢ አልኩ። አንደኛ ክፍል ላይ ቆየሁ። ልጅ ማንበብ የሚችልባት ቀን አለች። ትናንት መስመር የነበረው ዛሬ ቃል ይሆንለታል። እሷን ቀን ማየት የሚችለው የአንደኛ ክፍል መምህር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ወረቀት።

የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ዕድሜያችሁ የሚቆጠረው ግን እናታችሁ በነገረቻችሁ አይደለም። መጀመሪያ ስትቀጠሩ በሞላችሁት ቅጽ ላይ በሰፈረው ነው። ቅጹ ላይ ምን እንደተጻፈ ዛሬውኑ ሂዳችሁ እዩ። እዚያ ላይ ያለው የአያት ስምና መታወቂያችሁ ላይ ያለው የአያት ስም አንድ መሆኑንም እዩ። አንዱ ላይ «ኃይለ»፣ ሌላው ላይ «ኃይሉ» ቢል፣ እኛ ስንናገረው ለውጥ የለውም። መዝገብ ላይ ግን ሁለት ሰው ነው።

የኔ ችግር ሌላ ነበር። ፋይሌ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ስድስት የገጠር ዓመታት አልነበሩበትም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አውራጃው ቀርቶ ዞን መጥቷል፤ ቢሮ ሲቀያየር፣ ሣጥን ሲጓጓዝ ወረቀቱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከኝ። ሌላው ደግሞ «ከመጡበት ያጽፉ» አለኝ። አምስት ወር ደመወዝም ጡረታም ሳላገኝ ተመላለስኩ። ያን ጊዜ ቤታችን የኖረው በባለቤቴ መርፌ ነው።

ስድስት ዓመት ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል። ስሌቱን ላሳያችሁ። እኔ በወጣሁበት ጊዜ በነበረው አዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት ነው የምነግራችሁ። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ይያዝላችኋል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። መቶኛው የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። እኔ 38 ዓመት አገልግያለሁ። 10ሩ 30 አመጣልኝ፤ 28ቱ 35 አመጣልኝ፤ ድምሩ 65 በመቶ። አማካዩ ለምሳሌ 6,000 ብር ቢሆን ጡረታው 3,900 ነው። ስድስቱ ዓመት ቢጠፉ ኖሮ ከ65ቱ 7.5ቱ ይቀነሳል። በዚሁ ምሳሌ በወር 450 ብር፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ማለት ነው። ጤፍ ለሚገዛ ሰው ቀላል አይደለም።

ደብዳቤው የተገኘው እናቴ ቤት ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የቅጥር ደብዳቤዬን ያሳየኋት ቀን ግን «መንግሥት ለልጄ የጻፈው ነው» ብላ ተቀብላኝ ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ። እሷ ካረፈች በኋላ እህቴ የቆርቆሮ ሣጥኗን ስትከፍት፣ ከጥልፍ ቀሚሷ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘችው። ማኅተሙ ሳይደበዝዝ እንዳለ አለ። ያን ወረቀት ይዤ ቢሮ ስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ፤ የቅጥር ደብዳቤ፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ የደረጃ ዕድገት ደብዳቤ፣ አንድም ሳይቀር አስቀምጡ። ጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው ፋይላችሁን አስወጥታችሁ ከቤት ካለው ጋር አመሳክሩ። የደረጃ ዕድገት የሚገባችሁ ከሆነም «አሁንማ ምን ያደርግልኛል» ብላችሁ አትተዉት። ያቺ የመጨረሻ ሦስት ዓመት ናት አማካይዋን የምታወጣው።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ጡረታ የወጣ መምህር ሱቅ መክፈት ያምረዋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያጠራቀማትን ይዞ ከፈተ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ደብተር። ዓመት ሳይሞላው ዘጋ። የከሰረው ንግድ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የገባው ሁሉ «ጋሼ፣ ለነገ» ይለዋል። ያስተማረውን ልጅ፣ ያስተማረውን ልጅ እናት፣ እንዴት አድርጎ እምቢ ይበል? የዱቤ ደብተሩን አሳይቶኛል። ግማሹ የሚታወቅ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ራሱ ያስተማራቸው ናቸው የፈረሙት። እኔ ምክሬ ከፍቅር የማያጋጫችሁን ሥራ ምረጡ ነው። እኛ ጓሮ ጌሾና ጎመን አለን፤ ሰባት ዶሮ አለን። ባለቤቴ ዩኒፎርም ይሰፋል፤ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። በቂ ነው አልልም። ግን አንኳረፍም።

አሁን ደግሞ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ለሰው ይከብዳሉ። እኔን እግሬ ወደ ትምህርት ቤቱ ይወስደኝ ነበር። «ዝም ብዬ ሰላም ልበላቸው» እያልኩ እሄዳለሁ። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ገባሁ። የአንደኛ ክፍል ልጆች አይተውኝ «እትዬ! እትዬ!» እያሉ ሮጠው ከበቡኝ። ቀሚሴን ይዘው አልለቅ አሉ። ደስ አለኝ። ቀና ስል አዲሷን መምህርት አየኋት። በሩ ላይ ቆማ ፈገግ ለማለት ትሞክራለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ሁለት ወር ሙሉ እነዚህን ልጆች ወደ ራሷ ለማምጣት ስትለፋ ቆይታለች። እኔ በአምስት ደቂቃ ወሰድኩባት።

ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ግቢውን አልረገጥኩም። በኋላ ራሷ ቤቴ መጣች። ቡና ጠጣን። «ሀ»ና «ሐ» ለምን ሁለት ሆኑ ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ምን እንደምትል ጠየቀችኝ። ዛሬ ልጄ ማለት ናት። የተካችሁን ሰው ቦታ ስጡት። ጥሪ ሲመጣ ትሄዳላችሁ።

በዚያው በ2012 ታኅሣሥ መጨረሻ ባሕር ዳር ያለችው ትልቋ ልጄ ወለደች። ሴት ልጅ። አራስ ልጠይቅ ሄድኩና ክርስትናው እስኪደርስ ልቆይ አልኩ፤ ለሴት 80 ቀን ነው። ገንፎ አገነፋለሁ፣ ሕፃኗን አጥባለሁ፣ እናቷን እቀባለሁ። ትምህርት ቤት ቢኖርብኝ ኖሮ ሦስት ቀን ቆይቼ እመለስ ነበር። የራሴን ልጆች ስወልድ እንኳ እንዲህ አላረፍኩም።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሰን ተቀምጠናል። ሕፃኗ ጡት ይዛ ተኝታለች። ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማዬ፣ እኔ አንደኛ ክፍል ያንች ተማሪ ነበርኩ አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እጄን ሳወጣ አንድም ቀን ጠርተሽኝ አታውቂም።»

መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው። ለልጇ አዳላች እንዳልባል ብዬ ነው። ሦስተኛው ዴስክ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋ ታነሣዋለች፤ እንዲያ ሆና ብዙ ትቆያለች። እኔ ዓይኔን አሻግሬ ሌላ ልጅ እጠራለሁ። ቤት ስንገባም ደክሞኛል፤ ደብተር አርማለሁ፤ የነገውን አዘጋጃለሁ። የሰውን ልጅ ስም በሙሉ አውቃለሁ። የራሴ ልጅ እጇን እንዳወጣች ነበር ያደገችው።

ይቅር በይኝ አልኳት። «እኔ እኮ ልወቅስሽ አይደለም፤ ትዝ ብሎኝ ነው» አለችኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ክርስትናው የደረሰው ኮሮና በገባበት ሳምንት ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች ይዘጉ ተባለ። ድግሱ ቀርቶ ለቤተሰብ ብቻ ሆነ። እኔ ግን ከዚያ ቤት የወጣሁት ከድግስ የበለጠ ነገር ይዤ ነው።

ጥሩ መምህር የሚባሉ ሰዎች ብዙዎቻችን ይህ ዕዳ አለብን ብዬ አምናለሁ። ልጆቻችሁን ጠይቋቸው። ጊዜ ስላላችሁ አሁን ይነግሯችኋል። ሲነግሯችሁ ምክንያት አትደርድሩ። እኔ ከዚያ ወዲህ ለሦስቱም ልጆቼ በየተራ ማታ እደውላለሁ። ምን እንደበሉ ሳይሆን ምን እንዳሰቡ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር፤ ወንዱማ «እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?» ብሎኝ ነበር። አሁን እኔ ባልደውል ይደውላሉ። የልጅ ልጄ ክረምት ሲሆን ትመጣለች። ፊደል ስናጠና እጇን ታወጣለች፤ እኔና እሷ ብቻ ሆነን እንኳ ታወጣለች። ስሟን እጠራለሁ።

ስለ ማስተማር አንድ ታሪክ አለኝ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል።

ትምህርት ቤቶች ተከፍተው በነበረበት በ2013 ኅዳር አንድ ገበሬ ልጁን ይዞ መጣ። ልጁ አራተኛ ክፍል ነው። ማንበብ አይችልም። «እትዬ፣ ድንጋይ ነው፤ እንዳልተወው ልጄ ሆነብኝ» አለኝ አባቱ፤ ልጁ እየሰማ። ልጁ አሥር ዓመት ይሆነዋል። አረንጓዴ ቁምጣ ለብሷል፤ ዱላውን በር ላይ አስደግፎ ነው የገባው። መሬት መሬት ያያል። ከብት ይጠብቃል፤ ከሳምንቱ ሁለት ቀን፣ ሲከፋም ሦስት ቀን ይቀራል።

ፊደል ገበታ ዘርግቼ «ሀ ሁ» አላልኩትም። እሱን ለአራት ዓመት ሰምቶታል። በቃሉ ይወጣዋል፤ ዓይኑ ግን ፊደሉ ላይ የለም፤ እንደ ዘፈን ነው የሚለው። ይህን የምታውቁት ከመሀል አንዱን ስትነኩበት ነው። «ይቺ ማናት?» ስትሉት ከ«ሀ» ጀምሮ ካልመጣ አይደርስባትም።

«ስንት ከብት አላችሁ?» አልኩት። ቀና አለ። «አምስት።» ስማቸውስ? ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ወይኖ፣ ሻሼ፣ ጥጃዋ ደግሞ ሎሚ። ስለ እያንዳንዳቸው ያወራልኝ ጀመር። ቡሬ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይዋጋል፤ ሻሼ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ያ ድንጋይ የተባለ ልጅ ግማሽ ሰዓት አወራ። ወረቀት ቆርጬ አምስቱን ስሞች ለየብቻ ጻፍኩለት። «ይኸው ከብቶችህ። ዛሬ ይዘሃቸው ሂድ። ነገ እንዳይጠፉብህ» አልኩት።

በነጋታው አምስቱንም ለይቶ አነበበ። ገና ፊደል አላወቀም፤ መልካቸውን ነው የለየው፤ ከብት እንደሚለይ። ከዚያ ስሞቹን በመቀስ ቆራረጥኳቸው። «ቡ»ን ከ«ሬ» ለየሁ። «ሎ»ን ከ«ሚ» ለየሁ። «ሻ» ከ«ሼ» ምን ይለያታል? እግሯን አየ። «አንዷ ቀለበት አላት» አለኝ። ኃምስ ማለት ይኸው ነው፤ ከእግሩ ሥር ቀለበት ያለው። ሬ፣ ሼ፣ ሌ፣ ቤ። ራሱ ነው ያገኘው። ካዕብ ጎኑ ላይ እጅ ያወጣል፤ ቡ፣ ሉ፣ ሹ። ሣልስ እጁ ወደ ሥር ይወርዳል፤ ሚ፣ ሊ፣ ቢ። ራብዕ አንድ እግሩ ይረዝማል፤ ላ፣ ሻ፣ ዳ። ሳድስና ሳብዕ ጠባያቸው አይጨበጥም፤ እነሱን በመልመድ ነው። ኮፍያ የለበሱትን ደግሞ ከወንድማቸው ጋር አጣመርን። ሰ ኮፍያ ሲለብስ ሸ፣ ተ ሲለብስ ቸ፣ ነ ሲለብስ ኘ፣ ደ ሲለብስ ጀ። 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ነው ብላችሁ ልጅ ላይ ከጫናችሁበት ተራራ ነው። ጠባያቸውን ካሳያችሁት ግን ሰባት ነገር ብቻ ነው የሚማረው።

በሦስተኛው ሳምንት ከዋናው መንገድ ዳር ቆመን የቤታቸው ሰው እስኪመጣ እንጠብቃለን። ከማርቆስ የመጣ ሚኒባስ አጠገባችን ቆመ። ልጁ የመኪናውን ግንባር አየ። አየና አፉን ያዘ። ከዚያ ጮኸ። «እትዬ! የኛ በሬ! ቡሬ ይላል! ቡሬ ተጽፏል!» ሚኒባሱ ወደ ቡሬ ከተማ የሚሄድ ነበር። ረዳቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያቺ ቀን ነበረች።

ስሙን አልጠራም። አሁን ያነባል፤ ለእናቱ የጤና ጣቢያ ካርድ ቀጠሮዋን ያነብላታል። አባቱ ሲያገኘኝ እስከ ጉልበቴ ሊወርድ ነው የሚደርሰው። እኔ የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ «ድንጋይ» የሚለውን ቃል ሁለተኛ እንዳይናገር።

ከዚያ ልጅ በኋላ ሌሎች መጡ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ግጭት ተነሥቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ በረንዳዬ ሞላ። ደወሉ ዝም ባለባቸው ወራት ከሁሉም ነገር የከበደኝ ዝምታው ነው። ማስተማር ለምትፈልጉ ልምዴን ልንገራችሁ። በአንድ ጊዜ ከስምንት ልጅ በላይ አትያዙ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ገንዘብ አልቀበልም፤ ይህ የኔ ውሳኔ ነው፤ የሚቀበለውን አልነቅፍም፤ ኑሮ አለ። ወላጅ ግን ልጁን በሰዓቱ እንዲልክ ቃል አስገባዋለሁ። ልጅ ሳይበላ ከመጣ ትምህርቱ አይገባም፤ ቆሎ ከጎኔ አይጠፋም። ሰሌዳ ሲያይ ዓይኑን የሚያጨነቁርን ልጅ ሰነፍ ሳትሉት ዓይኑን አስመርምሩት። በሥራ ላይ ሳለሁ አንዲት ልጅ ሁለት ዓመት ደግማብኛለች፤ ዓይኗ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ደግሞ፤ ጡረታ እንደወጣችሁ ሰው ሁሉ ይመጣባችኋል። «አሁንማ ሥራ የለሽም» ነው ነገሩ። የእድር ጸሐፊ ሁኚ፣ ሰበካ ጉባኤ ግቢ፣ ወላጅ ኮሚቴ፣ ቀበሌ፣ ሽምግልና። እኔ ሁሉንም እሺ አልኩ። እሺ ማለት ደስ ይላል፤ ተፈላጊ መሆን ነው። በዓመቱ ደም ግፊቴ ወጥቶ ተኛሁ። ባለቤቴ ያን ጊዜ «ከትምህርት ቤት አስወጣንሽ ስንል ወረዳው ወሰደሽ» አለኝ። ሁለት ነገር መርጬ ሌላውን ይቅርታ ጠይቄ ለቀቅኩ። የቀሩኝ ልጆቹና እድሩ ናቸው።

የእድሩን ነገር ለምን መረጥኩ? መዝገቡን ስረከብ አየሁት። ገንዘብ ሲወጣ፣ ሐዘንተኛ ሲቀበል፣ ከሴቶቹ የሚበዙት የጣት አሻራ ነው ያለው። ሰማያዊ ጣት ገጹን ሞልቶታል። የ1971ዷ እናት መቀነት ትዝ አለኝ። ወር ወር እሑድ ከስብሰባው በፊት ግማሽ ሰዓት ጠየቅኩ። ስማቸውን ብቻ። ሌላ ምንም አልጠየቅኳቸውም። መጀመሪያ አራት ሆነው ቀረቡ፤ ሌሎቹ «ከሞት ወዲያ ኑዛዜ፣ አሁን ምን ያደርግልናል» ብለው ቀሩ። አራቱ መፈረም ሲጀምሩ ግን የቀሩት አይተው መጡ። አሁን መዝገቡ ላይ አሻራ ያላቸው ስድስት ናቸው፤ ሁለቱ ዓይናቸው አያይም። አንዲት ጎረቤቴ መፈረም ከቻሉ ወዲህ ቀበሌ ሲሄዱ ወረቀቱ ተነብቦ ሳያልቅ አይፈርሙም። «ይነበብልኝና ነው» ይላሉ።

በመጨረሻ ወደ ወረቀቱ ልመለስ፤ የረሳሁት አለ። እናንተ ብታርፉ የትዳር ጓደኛችሁ ከጡረታችሁ 50 በመቶውን ያገኛል። ይህን ብዙ ቤተሰብ አያውቅም፤ ቢያውቅም የጋብቻ ማስረጃው የለውም። እኛ በ1975 በሽማግሌ ነው የተጋባነው፤ ወረቀት አልነበረንም። ባለፈው ዓመት ሄደን ምስክር አቁመን አስመዘገብን። ባለቤቴ መጀመሪያ ሊሰማኝ አልፈለገም። «አንችን ቀብሬ ብር ልቆጥር ነው?» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ከሲንጀሩ ላይ አየሁት። ከዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ይዞ ይሰፋል። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ማታ ሰጠኝ። ዚፕ ያለው ቦርሳ ነው፤ ውስጡ አራት ኪስ አለው። በነጭ ክር «የእትዬ ወረቀት» ብሎ ጠልፎበታል።

የቅጥር ደብዳቤዬ እናቴ ከጠቀለለችበት ጨርቅ ጋር በመጀመሪያው ኪስ ውስጥ ነው። ቦርሳው አልጋችን ራስጌ ተሰቅሏል። ሦስቱም ልጆቼ የት እንዳለ ያውቃሉ።